ሹም ሲያልፍ ክዳን ይዘጋል

በስሙ የማልጠራው አገር አለ፤ እዚያ ውስጥ በስሙ የማልጠራው ከተማ አለ፤ እዚያ ደግሞ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሥራዬ ሰዎች ስብሰባ ላይ ያሉትን መጻፍ ነው። እኔ የምለውን እንዲጽፍ የተቀጠረ ሰው ስለሌለ እስከ ዛሬ ብዙም አላልኩም። አሁን የምጽፈው ማንም ጻፍ ያላለኝን የትርንጎን ነገር ነው። ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጎን ስለነበር ያላየሁት ጥቂት ነው፤ ያላየሁትንም ራሷ ነግራኛለች።

ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ክዳኑ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ምኑም አይገባችሁም። በከተማችን ሹም ሲያልፍ የላፕቶፕ ክዳን ይዘጋል። ድሮ እንደ ሰው አገር ብድግ ይባል ነበር አሉ። አንድ ቀን የከተማው ገዢ በመዝገብ ክፍሉ ሲያልፉ አንዱ ጸሐፊ ብድግ አለላቸው፤ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አላነሳም። ገዢው ክፉኛ ተቀየሙ፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል። በአራተኛው ቀን አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ መቆም ይቅር፣ ክዳን ይዘጋ፤ ክዳኑን የዘጋ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ነገር ስለማይኖረው ሹሙን ያያል ይላል። አንዲት ተጨማሪ አንቀጽም አለችው፦ ክዳኑን የሚዘጋው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የተዘጋ ክዳን አክብሮት ሳይሆን ስድብ ነው።

አዋጁ ሲወጣ ሹም የሚባሉት አራት ሰዎች ነበሩ። አራት ሰው በቀን ስንቴ ያልፋል? ግን ክዳን ሲዘጋለት ያየ ሁሉ አማረው። ምክትሎች ተሾሙ። ምክትሎቹ ብቻቸውን ማለፍ ስለከበዳቸው የምክትል ምክትሎች ተሾሙ። መጋዘን ጠባቂው ሹም ሆነ፤ ማኅተም መቺው ሹም ሆነ፤ ኮሪደር ላይ የሚመላለሰው ዘበኛ ሳይቀር የኮሪደር ሹም ተባለ፤ እሱ ደግሞ ማለፍ ሥራው ነው። እኔ በቆጠርኩበት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠላሳ አንድ ጊዜ ዘግተናል። ማታ ወደ ቤት ስንሄድም ዘግተን ነው የምንሄደው፤ የኮሪደሩ ሹም እኛ በሌለንበትም ስለሚያልፍ።

ላፕቶፖቻችን የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የማንም ያልሆነ፣ የፈለገ ሁሉ ውስጡን ከፍቶ አይቶ የሚያስተካክለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ በሱ ላይ ክፉ አልናገርም። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል። አተኛኘቱ ላይ ምንም እንከን አይወጣለትም። ጣጣው መንቃቱ ላይ ነው። ሹሙ አልፈው ክዳኑን ስትከፍቱት ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ይጠብቃችኋል። ከውስጥ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ብትነካኩት ብትለማመጡት ግን መልስ የለም። ያለው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ማብሪያውን ተጭኖ ማጥፋትና ከዜሮ ማስነሳት። ስትሠሩት የነበረው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

እኛም ለመድነው። ማንም ከሩብ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ አይጀምርም ነበር። ሪፖርት ከአንድ ገጽ አይዘልም፤ አንዳንዱም ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ቆሞ ይቀርባል። ገዢው ስለ ቁጥብ አጻጻፋችን የምስጋና ደብዳቤ ጽፈውልናል። ደብዳቤውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ግማሹን ማለቴ ነው፣ በመሐሉ ሹም አለፉ።

ትርንጎ ግን ሥራዋ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ አልነበረም። የውሃ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከከተማው በላይ አራት በር ያለው ግድብ አለ። ክረምት ሲገባ የትኛው በር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ክንድ መከፈት እንዳለበት ካልታወቀ ውሃው የራሱን መንገድ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ሁልጊዜ ታች ሰፈርን ነው። አምና ሒሳቡ ስላላለቀ በሩ በግምት ተከፈተ። አሥራ አንድ ቤት ውሃ ገባው። አንደኛው የትርንጎ እናት የእማማ እናኑ ቤት ነበር። ቀጥሎ ያለው ቤት የአባባ ሳህሉ ነበር፤ አልጋ ላይ የዋሉ ሰው ነበሩ፣ ከነአልጋቸው ወሰዳቸው። ትርንጎ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። ዘንድሮ ሒሳቡ ካላለቀ ከነአልጋዋ የምትሄደው እናቴ ናት ትለኝ ነበር፣ ደጋግማ።

ሒሳቡን የሚሠራው ፕሮግራም ከእሷ በፊት የነበሩት ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የጻፉት ነው። ዘጠና ሰዓት ይፈጃል። ዘጠናውንም ሰዓት ሁሉን ነገር ሜሞሪው ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ዲስክ ላይ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። መሐል ላይ ከተቋረጠ ከሀ ይጀምራል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ይህን ሲጽፉ ሹሞቹ አራት ብቻ ስለነበሩ ሌላ አላሰቡም፤ ከሳቸው በኋላ ደግሞ ፕሮግራሙን ለመነካካት የደፈረ የለም።

መጀመሪያ የሞከረችው ቀላሉን ነበር። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ እንዳይተኛ አደረገችው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከላይ ተዘግቶ ይታያል፣ ከታች ሒሳቡ ይሄዳል። ሁለት ቀን ከሁለት ሌሊት ሄደላት። በሦስተኛው ቀን አቶ መንክር መጡ። አቶ መንክር የክዳንና የእንቅልፍ ጉዳይ ሹም ናቸው፤ ጠብደል ያሉ፣ ሽቶ የማይለያቸው፣ ሲያልፉ ወለሉ የሚሰማቸው ሰው። አልፈው ሲያበቁ ግን ምን እንደታያቸው እንጃ ተመለሱና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን በትርንጎ ክዳን ላይ ለጠፉ። ማራገቢያው ይሰማል። ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ከላይ ተዘግቶ ከታች ማሰብ" ይላል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ሒሳቡም በነበረበት ቀረ፤ አርባ ስምንት ሰዓት ሄዶ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ነው እንግዲህ ትርንጎ ሕጋዊውን መንገድ የያዘችው። ሕጉ ላፕቶፑ ይተኛ ካለ ይተኛል፤ ግን ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥል ብላ ለእንቅልፍ ጉዳይ ቢሮ አመለከተች። ቅጹ ላፕቶፑ የተኛበትን ቀን፣ የተኛበትን ሰዓት፣ ሲተኛ ያልፉ የነበሩትን ሹም ማዕረግ ይጠይቃል። አለመንቃትን የሚሞላበት ቦታ ስለሌለው ጀርባው ላይ ጻፈችው። ቁጭ ብላ ጠበቀች። በአሥራ አምስተኛው ቀን "አመልካቿ ለሁለት ሳምንት ዝም በማለታቸው ጉዳዩ ተዘግቷል" የሚል መልስ መጣላት። እንደገና አመለከተች፤ አሁን ግን በየቀኑ እየሄደች በራቸው ላይ ድምፅ ታሰማ ጀመር። ሌላ ሁለት ሳምንት በዚህ አለቀ። በመጨረሻ አቶ መንክር አስገቧት።

ቢሯቸው መሐል በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ የተዘጋ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ጨርቅ አንጥፈውለታል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያስጎበኙት።

"እኛ ጋ ይሠራል" አሏት። "ይኸው ከተኛ ሦስት ዓመቱ። አንድ ቀን አላስቸገረንም።"

"ቀስቅሳችሁት ታውቃላችሁ?" አለች ትርንጎ።

ፊታቸው ጠቆረ አለችኝ። ነውር የተናገረች ነው ያስመሰሏት። ከዚያ ረጋ ብለው አስረዷት፤ ይህ የእንቅልፍ ጉዳይ ቢሮ ነው፣ መንቃት የራሱ ቢሮ ተፈቅዶለታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በርግጥ "የመንቃት ጉዳይ" የሚል ጽሑፍ ያለበት በር አለ። በሩ ቁልፍ ነው። ቢሮው ተፈቀደ እንጂ ሰው አልተቀጠረበትም፤ የሚቀጥረውም የእንቅልፍ ጉዳይ ቢሮ ነው። ትርንጎ ያን ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። ሠላሳ ቀን ነው የቀረኝ አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ራሷ ገባችበት። በምሳ ሰዓት ሹሞቹ ምሳ ላይ ስለሚሆኑ ማንም አያልፍም፤ ያንን ሰዓት ሙሉ ታነባለች። በሰው አገር የሚኖሩ፣ ይሄው ችግር የገጠማቸው ሰዎች በኢንተርኔት የጻፉትን ትፈላልጋለች። አንዱ "ለእኔ ይሠራል" ይላል፤ ከዚህ ሌላ ምንም አይልም። ሌላው አዲስ ላፕቶፕ ግዢ ይላታል። ሦስተኛው ስምንት ገጽ ሙሉ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ምንም ሳያስቀር ጽፎ መጨረሻ ላይ "ለማንኛውም እኔም አልሆነልኝም" ብሎ ይሰናበታል።

ቀስ በቀስ ግን ገባት። ለኔም አስረዳችኝ፤ እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። እንቅልፉ ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ እንቅልፍ ሁሉን ነገር ሜሞሪው ላይ እንደያዘ፣ ባትሪ እየጠባ ማሸለብ ነው፤ የኛ ላፕቶፖች ከዚህኛው ነው አልነቃ የሚሉት። ከባዱ ደግሞ ሜሞሪው የያዘውን በሙሉ ዲስክ ላይ ገልብጦ ጭልጥ ብሎ መጥፋት ነው፤ ሲነሳ ከዲስኩ መልሶ ያነበዋል። የሚፈልገው ዲስኩ ላይ በሜሞሪው ልክ ክፍት ቦታ ነው። ትርንጎ ቦታውን ለካችው። የሜሞሪውን ግማሽ ነው። ለምን ግማሽ ሆነ ብላ ስታጣራ የእንቅልፍ ጉዳይ ቢሮ ከዓመታት በፊት ያወጣው ሰርኩላር ተገኘ፤ በቁጠባ ዘመን እያንዳንዱ ላፕቶፕ እጥፍጥፍ ብሎ ይተኛ ይላል።

ቦታውን አሰፋችው። ክዳኑን ዘጋች፤ ተኛ። ከፈተች፤ ተነሳ፣ ግን ትናንት የተወለደ ይመስል ምንም አያስታውስም። ያስቀመጠው ሁሉ ዲስኩ ላይ ተኝቷል፤ ሲነሳ ግን የት ቦታ ሄዶ እንደሚፈልገው የነገረው የለም። ሁለት ቀን ፈልጋ አድራሻውን ማስነሻው ላይ ጻፈችለት። አሁን ደግሞ ነቅቶ፣ ሁሉን አስታውሶ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የዚያን ቀን ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ቆየች፤ እኔ ያበቃላት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ የስክሪኑን ነገር የሚያስተካክል አዲስ የሥርዓቱን እትም አገኘችና ጫነችው።

በአሥረኛው ቀን "እናቴ" ብላ ጻፈች። ክዳኑን ዘጋች። ሦስት ደቂቃ ያህል ሲጽፍ ቆይቶ ድርግም አለ። ከፈተች። ሁለት ደቂቃ አነበበና ስክሪኑ በራ፤ "እናቴ" የሚለው ቃል እንዳለ፣ ጠቋሚውም ከቃሉ ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ። እጄን ይዛ ጨመቀችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ያንተንም እሠራልሃለሁ አለችኝ። እኔ ምን ረጅም ሥራ አለኝና ብዬ መለስኩላት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ፈርቼ ነው።

ሒሳቡን ጀመረች። ከሠላሳ አንዱ ማለፍ፣ ከመተኛቱና ከመንቃቱ የተረፈው በቀን ስድስት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ዘጠናው ሰዓት አሥራ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል። ዝናቡ ሃያ ቀን ቀርቶታል። አንድም ቀን መባከን የለበትም። ሹም ያልፋል፤ ሁላችን እንዘጋለን። ሹም ካለፈ በኋላ እኛ ማብሪያ ተጭነን ከዜሮ ስንነሳ የሷ ካቆመበት ይቀጥላል። ቀን በቀን ፊቷ እየፈታ መጣ። ከእናቷ ጋር የምታወራውን እሰማ ነበር፤ ዘንድሮ እዚያው ክረሚ፣ የትም አትሂጂ ትላቸዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አቶ መንክር አለፉ። በአምስተኛው ደቂቃ መነጽራቸውን ረስተው ተመለሱ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማብሪያውን ተጭኖ ወደ ጣሪያ ያያል፤ ትርንጎ ብቻ ትሠራለች። ማንም ስላላያቸው ሁለተኛ ክዳን ሳይዘጋላቸው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ብዙ ደቂቃ አዩዋት። መነጽራቸውን ሳይወስዱ ሄዱ።

ዘጠኝ አባላት ያሉት ጉባኤ ተጠራ። ቃለ ጉባኤውን እኔ ያዝኩ፤ በእጅ፣ በወረቀት፣ አንድም ቃል እንዳያመልጥ። አቶ መንክር አልተቆጡም። ያዘኑ ይመስሉ ነበር፤ በእውነትም ሳያዝኑ አልቀሩም።

"ትርንጎ" አሉ። "እኔ ሳልፍ ሌሎቹ ሥራ ይፈታሉ። የጀመሩት ይጠፋባቸዋል። ኮሪደሩ ጫፍ ደርሼ እንኳ ማለፌ ይታወቀኛል። ያንቺው ግን ካቆመበት ይቀጥላል። ታዲያ እኔ አልፌያለሁ ወይስ አላለፍኩም?"

ትርንጎ ክዳኔን ዘግቻለሁ፣ ላፕቶፑም ተኝቷል፣ አዋጁ የሚለው ይህንኑ ነው አለች። ዝናቡን፣ ታች ሰፈርን፣ አባባ ሳህሉን ነገረቻቸው። አንዱ አባል አባባ ሳህሉ ማዕረጋቸው ምን እንደነበር ጠየቀ። ከዚያ ጉባኤው አቶ መንክር አልፈዋል ወይስ አላለፉም በሚለው ላይ ሁለት ቀን ተወያየ። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ "በሌሎቹ በኩል አልፈዋል፣ በትርንጎ በኩል ግን አላለፉም" ተብሎ ተወሰነ። በመሆኑም ላፕቶፗ ታጥቦ፣ የያዘው ሁሉ ተጠርጎ፣ እንደ ሌሎቹ እንዲሆን፣ ይህም ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገዢው በተገኙበት በሥነ ሥርዓት እንዲፈጸም ታዘዘ። ሒሳቡ የሚያልቀው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ትርንጎ ሁለት ሰዓት ብቻ ጨምሩልኝ ብላ ለመነች። የሥነ ሥርዓቱ መርሐ ግብር ታትሞ ተበትኗል ተባለች።

ሐሙስ ከመግባቴ አየኋት። ጸጉሯን አስይዛ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ቁጭ ብላለች። ያን ጠዋት ሹሞቹ ሁሉ ለሥነ ሥርዓቱ ስለተሰበሰቡ አንድም ሰው አላለፈም። ልክ በአራት ሰዓት ገዢው ከነአጀባቸው ብቅ አሉ። ክዳኖች ቀጭ ቀጭ አሉ። እኔም ዘጋሁ፤ እጄ ከኔ ቀድሞ ነው የዘጋው። የትርንጎ ክዳን ግን እንደተከፈተ ነው። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቆማለች።

ገዢው የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ክዳን ባልተዘጋበት ማለፍ አይችሉም፤ አዋጁ የራሳቸው ነው። አቶ መንክር ሮጠው ክዳኑን ሊይዙ እጃቸውን ሰነዘሩና መሐል ላይ ቆሙ፤ በሌላ ሰው እጅ የተዘጋ ክዳን ስድብ ነው፣ ገዢውን ደግሞ በአደባባይ ሊሰድቡ ነው። እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። ገዢው ወደ ኋላ እንዳይመለሱም የሚያልፍ እንጂ የሚመለስ ገዢ ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ ቆሙ። አጀቡም ከኋላቸው ኮሪደሩን ሞልቶ ቆመ።

ትርንጎ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች። "ጌታዬ፣ ሁለት ሰዓት ነው የምለምነው። እናቴ ታች ሰፈር ናት።"

ገዢው ጎናቸው ወዳለው ምክትል ዘንበል ብለው ምን አለች አሉት። ምክትሉ ከጎኑ ያለውን ጠየቀ። ጥያቄው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ እስከ ደረጃው ድረስ ሄደ፤ መልስ ግን ይዞ አልተመለሰም። ያን ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደቆሙ ነበሩ። አንድ የምክትል ምክትል ራሱን ስቶ ወደቀና ቆሞ እንደሚገኝ ተቆጠረ። አቶ መንክር ላባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ የተዘጋ ክዳኔን እያየሁ ተቀምጬ፣ አንድ ሌላ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ክዳኑን ከፈት ቢያደርግ ምን ይፈጠር ይሆን ብዬ ሳስብ ነበር። እያሰብኩ ሰዓቱ ሞላ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ወጣ። ትርንጎ በብጣሽ ወረቀት ጻፈችው፦ ሦስተኛው በር፣ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ከቅዳሜ ጀምሮ። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ክዳኑን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ዘጋችና እጅ ነሣች። ገዢው አለፉ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ገዢው አለፉ" ብዬ ጻፍኩ፤ የሁለቱን ሰዓት ነገር ግን እንዲጻፍ የጠየቀ አልነበረም።

ላፕቶፑ እዚያው ታጠበ። ተጨበጨበ። ትርንጎ ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥታ ግድቡ ጋ ደርሳ ነበር። የበሮቹ ጠባቂ ጋሽ ይልቃል የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ከከተማው ጠባቂዎች ሁሉ ሹም ያልተደረጉ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀርም፣ ሩቅ ስለሆኑ ተረስተው ነው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ማን ፈረመበት አላሉም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛውን በር በሁለት ክንድ ተኩል ከፈቱት።

እሑድ ዝናቡ ጀመረ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ያለ ክረምት አይቼ አላውቅም። ወንዙ የላይኛውን ድልድይ ይዞ ሄደ። ታች ሰፈር ግን አንድ ቤት ደጃፍ አልረጠበም። ሰዉ በመስኮቱ ውሃውን በሩቅ እያየ ከረመ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ የስንብት ደብዳቤዋን ያደረስኩት እኔ ነኝ። እናቷ ቤት ነበረች። ወለሉ ደረቅ አፈር ነው። ግድግዳው ላይ አምና ውሃው የደረሰበት ምልክት ከወገቤ በላይ ይታያል፤ ዘንድሮ አዲስ ምልክት የለም። የእህል ጆንያው ወለሉ ላይ ተደግፎ ቆሟል። እማማ እናኑ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብለህ አንብብልን አሉኝ። አነበብኩ። ደብዳቤው ሠራተኛዋ ክዳን ያልዘጋችው ጎርፍ ይመጣል በሚል ምክንያት እንደነበር፣ ይሁን እንጂ በተጠቀሰው ክረምት በታች ሰፈር ምንም ዓይነት ጎርፍ አለመድረሱ በአጣሪ ቡድን መረጋገጡን፣ በመሆኑም ሒሳቡ አስፈላጊ ሆኖ አለመገኘቱን ይገልጻል።

እማማ እናኑ ወደኔ ዞሩ። "ውሃው ወስዶኝ ቢሆን ልጄ ሥራዋን አታጣም ነበር ማለት ነው?" አሉኝ።

እንደ ደብዳቤው ከሆነ አዎ አልኳቸው። ትርንጎ ደብዳቤውን ተቀብላኝ አጠፈችና ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ የከርሞውን ሒሳብ ማን ይሠራል አለችኝ። እኔ መሆኔን ነገርኳት፤ ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጎን ስለሆነ ነው የመረጡኝ። እንግዲያው የእንቅልፉን ነገር ላሳይህ፣ አምስት ትእዛዝ ነው፣ በአንድ ምሳ ሰዓት ታስተካክለዋለህ ብላ ወረቀት ፍለጋ ተነሳች። ላስቆማት አልቻልኩም። ዓይኔ ሲሸሽ አይታ ራሷ ቆመች።

"ሹም ሲያልፍ እንደኔው ካቆመበት እንዲቀጥል ታደርገዋለህ አይደል?" አለችኝ።

አዲስ ሰርኩላር ወጥቷል አልኳት። ከባዱ እንቅልፍ ተከልክሏል። ልጆች አሉኝ አልኳት። ሌላም ሌላም አልኩ፤ ሁሉንም አላስታውሰውም። ትርንጎ አልተቆጣችም፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች።

እማማ እናኑ ግን ተነሡ። ወለሉ ላይ የቆመውን የእህል ጆንያ አፉን አሰሩት። ላግዝዎ ብል አይሆንም አሉኝ። ብቻቸውን እየጎተቱ ወደ መሰላሉ ወሰዱትና በየደረጃው እያረፉ ወደ ቆጡ ማውጣት ጀመሩ። ክረምቱ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።